ሳንቲም መንካት ያልቻለው ባለ ተረት

አንድ መናኝ ነበር። ከዚህ ዓለም ንብረት የቀረው ሁለት ግልድም ብቻ ነው፤ አንዱን ታጥቆ ሌላውን አጥቦ ያሰጣል። ታዲያ አይጥ እየመጣች የተሰጣውን ትቆራርጥበት ጀመር። መንደርተኛው ድመት እንዲያሳድግ መከረው። ድመቷ ወተት ፈለገች። በየቤቱ ወተት መለመኑ ሲበዛ ላም እንዲያረባ መከሩት። ላሟ ደግሞ ገለባ ትፈልጋለች። ገለባ መለመኑም ሲያሰለች፣ ጎጆው አጠገብ ጦም ያደረ መሬት ስላለ ለምን አያርስም ተባለ። አረሰ። አዝመራው ሲበዛ ሠራተኛ ቀጠረ፣ ጎተራ ሠራ፣ ቤቱን የምታስተዳድርለት ሚስት አገባ። ከዓመታት በኋላ መምህሩ ሊጠይቁት ሲመጡ ጎጆዋን ፈልገው አጧት። በቦታዋ ትልቅ ቤት፣ ከብትና አገልጋይ አገኙ። ምን እንደተፈጠረ ቢጠይቁት፣ ደቀ መዝሙሩ አንገቱን ደፍቶ ይህ ሁሉ የመጣው በአንዲት ግልድም ምክንያት መሆኑን ተናዘዘ።

ይህን ተረት መጀመሪያ ያነበብኩት የኢኮኖሚክስ ተማሪ ሳለሁ፣ የልማት ኢኮኖሚክስ ፈተና ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። በጣም ሳቅኩ። የእኛ መማሪያ መጽሐፍ እኮ ይህንኑ ሰውዬ ቢያገኘው የስኬት ምሳሌ ያደርገው ነበር! ከሁለት ግልድም ተነስቶ ላም ያረባ፣ ጦም ያደረ መሬት ያለማ፣ ለጎረቤቶቹ የሥራ ዕድል የፈጠረ ታታሪ ሰው። መረጃው ያው ሆኖ ፍርዱ ብቻ ተገልብጧል። እንዲህ አድርጎ የሚገለብጠው ማን ነው ብዬ ስፈልግ ነው ራማክሪሽናን ያገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ሰውየው አልለቀቀኝም። ሁልጊዜ ተስማምቼው ግን አይደለም፤ የማልስማማበትን ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

የተወለደው የካቲት 18 ቀን 1836 ነው (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)፤ ቦታው በሕንድ ቤንጋል ውስጥ ካማርፑኩር የምትባል የገጠር መንደር። የወጣለት ስም ጋዳዳር ነበር። አባቱ ኩዲራም ብራህሚን ቢሆንም ድሃ ነው፤ ድሃ የሆነበትም ምክንያት አለው። ቀድሞ በሚኖርበት መንደር የመሬት ባላባቱ በሐሰት እንዲመሰክርለት ጠየቀው። እምቢ ቢል ባላባቱ ቂም ይዞ ክስ መሠረተበትና ቤት መሬቱን አሳጣው። ቤተሰቡን ይዞ ወደ ካማርፑኩር የገባው አንድ ወዳጁ ትንሽ መሬት ስለሰጠው ነው። እናም ልጁ ያደገው፣ አንዲት እውነት ስንት ሄክታር እንደምታስከፍል በሚታወቅበት ቤት ነው ማለት ይቻላል።

መንደሯ ወደ ፑሪ በሚወስደው የተሳላሚዎች መንገድ ላይ ነበረች። መንገደኛ መናኞች የሚያድሩበት ማረፊያ ቤት ነበራት፤ ትንሹ ጋዳዳር እዚያ እየሄደ ውኃና እንጨት ያቀብላቸዋል፣ ሲያወሩ ያደምጣል። ዘፈን፣ ሥዕልና የመንደር ቴአትር ይወዳል። ሰው ሲያስመስል ቆሞ ያላየው አልነበረም። ትምህርት ቤት ሲገባ አንድ ነገር ብቻ አልዋጥልህ አለው፤ እሱም ሒሳብ ነው። (እዚህ ላይ የኢኮኖሚክስ ክፍሌን ግማሽ ተማሪ አስታወሰኝ።) ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ሲሞላው በእርሻ መሀል የፈነዳ ሩዝ እየበላ ሲሄድ፣ በጥቁር ደመና ላይ ነጫጭ ወፎች ተሰልፈው ሲበሩ አየ። ውበቱ አሸነፈውና ራሱን ስቶ ወደቀ። ሰዎች ተሸክመው ወደ ቤት ወሰዱት። እንዲህ ዓይነቱ ከራስ መውጣት ዕድሜውን ሙሉ ተከትሎታል።

አባቱ በ1843 ሲሞት ሸክሙ በታላቅ ወንድሙ በራምኩማር ላይ ወደቀ። ራምኩማር ካልካታ ወርዶ የሳንስክሪት ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በ1852 ታናሹን አስመጣው። ካልካታ በዚያ ዘመን የእንግሊዞች የሕንድ ግዛት ዋና ከተማ ናት፤ ትንሽ የተማረ ሁሉ የጽሕፈት ሥራ ይዞ ደሞዝ መብላት ይመኛል። ጋዳዳር ግን ለእንጀራ ተብሎ የሚማሩትን ትምህርት እንደማይፈልግ ለወንድሙ ፊት ለፊት ነገረው። ሲያስቡት ያናድዳል እኮ፤ ቤተሰቡ ተርቦ ታላቅየው ይለፋል፣ ታናሽየው እውነትን ልፈልግ ይላል። በየቤታችን ይህን ጭቅጭቅ የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ።

መፍትሔው የመጣው ካልታሰበ ቦታ ነው። ራኒ ራሽሞኒ የምትባል ባለጸጋ መበለት ከከተማዋ በስተ ሰሜን፣ ጋንጅስ ዳር ዳክሺኔስዋር ላይ ካሊ ለምትባለው አምላክ ትልቅ ቤተ መቅደስ አሠራች። ሆኖም ራሽሞኒ ዝቅ ተደርጎ ከሚታይ ወገን ስለሆነች ብራህሚኖቹ እሷ በሠራችው ቦታ አናገለግልም አሉ። ራምኩማር ከሕጉ ውስጥ ቀዳዳ አገኘላት፤ ንብረቱን በስጦታ ወደ አንድ ብራህሚን ብታዛውረው ችግሩ ይፈታል። ቤተ መቅደሱ በግንቦት 1855 ተመረቀ፤ ራምኩማርም ካህኑ ሆነ። ታናሽየው መጀመሪያ አካባቢ የቤተ መቅደሱን ምግብ ንቆ፣ ወንዝ ዳር ለብቻው ያበስል ነበር። ኋላ የሰውን ሁሉ አጥር የሚያፈርሰው ሰው አጀማመሩ እንዲህ ነበር። ወንድሙ በ1856 ሲሞት የካሊ አገልግሎት በእሱ እጅ ገባ።

ከዚህ በኋላ ያሉትን ዓመታት በአጭሩ ማለፍ ይሻለኛል፤ አንዳንዱን ነገር በእኔ ቋንቋ ለመግለጽ ይከብዳል። ካሊን በዓይኔ ካላየሁ ብሎ እንቅልፍና ምግብ አጣ። አንድ ቀን ተስፋ ቆርጦ በቤተ መቅደሱ ውስጥ የተሰቀለውን ሰይፍ ሊያነሳ ሲል እንዳያት ኋላ ለወዳጆቹ ተርኳል። ብዙ ሰው አብዷል አለ። ቤተሰቡ ጋብቻ ያረጋጋው ይሆናል ብሎ በ1859 ሳራዳ ከምትባል የአምስት ዓመት ሕፃን ጋር አጋባው፤ እሱ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። የዘመኑ ወግ ነው፣ ልጅቷም እስክታድግ በወላጆቿ ቤት ቆይታለች፤ ሆኖም ዛሬ ሳነበው ይከብደኛል። ቀጥሎ አንዲት መናኝ ሴት፣ ከዚያም ቶታፑሪ የሚባል እርቃኑን የሚዞር መናኝ መጥተው አስተማሩት። በ1866 የእስልምናን ጸሎት፣ በ1874 ደግሞ የክርስትናን መንገድ ያዘ። ሁሉም ወደ አንድ ኩሬ የሚያወርዱ ደረጃዎች ናቸው አለ፤ በአንዱ በኩል የሚቀዳው አንድ ስም ይሰጠዋል፣ በሌላው በኩል ያለው ሌላ፣ ውኃው ግን አንድ ነው።

ከዚያ ዘመን እኔን የያዘኝ የገንዘቡ ነገር ነው። ወንዝ ዳር ይቀመጥና በአንድ እጁ ሩፒ፣ በሌላው ጭቃ ይይዛል። ሁለቱ ልዩነት እንደሌላቸው ለራሱ እየነገረ ያገላብጣቸውና ሁለቱንም ወደ ጋንጅስ ይወረውራቸዋል። ትንሽ ቆይቶ ግን ፈራ! የሀብት አምላኳ ላክሽሚ ተቀይማ ምግቡን ብታቋርጥበትስ? ይህን ፍርሃቱን ራሱ ነው ለሰው እየሳቀ የሚያወራው። ቅዱስ ሰው እንዲህ በራሱ ሲስቅ ደስ ይለኛል። እያደር ግን ነገሩ ቀልድ መሆኑ ቀረ፤ ሳንቲም ሲነካ እጁ ይኮማተር ነበር ይባላል። ናሬንድራናት ዳታ የሚባል ተጠራጣሪ የኮሌጅ ተማሪ ይህን ሊፈትን ሩፒ ከፍራሹ ሥር ደበቀበት። ሰውየው ሲቀመጥ እንደተወጋ ሰው ብድግ አለ። ናሬንድራም ምንም ሳይናገር ወጣ።

ሰው ወደ ዳክሺኔስዋር መጉረፍ የጀመረው ከ1875 ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት ኬሻብ ቻንድራ ሴን የሚባል የታወቀ የሃይማኖት ተሐድሶ መሪ አግኝቶት በጋዜጦቹ ስለ እሱ መጻፍ ጀመረ። የሚመጡት በአብዛኛው እንግሊዝኛ የተማሩ የከተማ ሰዎች ናቸው፤ ጸሐፊዎች፣ ጠበቆች፣ ሐኪሞች፣ መምህራን። እሱ በጠባብ ክፍሉ ትንሽ አልጋ ላይ ይቀመጣል፣ እነሱ ምንጣፍ ላይ። ፍልስፍናውን የጠየቁት እንደሆነ መልሱ ስለ ዓሣ ሻጭ ይሆናል።

አንዲት ዓሣ ሻጭ ከገበያ ስትመለስ መሽቶባት አበባ ሻጭ ጓደኛዋ ቤት አደረች። የአበባው ሽታ እንቅልፍ ነሳት። ስትገላበጥ ቆይታ ያንን የዓሣ ቅርጫቷን አስመጣች፣ ውኃ ረጨችበት፣ አፍንጫዋ ሥር አስቀምጣ እያንኮራፋች አደረች። ሌላው ተረት የገበሬ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሸንኮራ አገዳ ማሳውን ሲያጠጣ አድሮ ጧት ሲያይ አንድ ጠብታ አልደረሰም፤ ውኃው ሁሉ በአይጥ ጉድጓድ ፈስሷል። እየጸለየ በውስጡ ክብርና ሀብት የሚመኝ ሰው እንዲሁ ነው። ኢኮኖሚስቶች በየፕሮጀክቱ ስለሚባክን በጀት ስንት ገጽ እንጽፋለን፤ የአይጥ ጉድጓዷን ግን እንዲህ ጥርት አድርጎ ያሳየኝ የለም።

ከሁሉ የምወደው የጀልባው ተረት ነው። አንድ ሰው አሥራ አራት ዓመት በጫካ ተጋድሎ በውኃ ላይ መራመድ ቻለ። በደስታ ወደ መምህሩ ሮጠ። መምህሩ ግን አዘኑለት፤ ጀልባ ቀዛፊው በአንድ ሳንቲም የሚያሻግረውን ወንዝ በአሥራ አራት ዓመት ገዛኸው ማለታቸው ነው። ገበያው አንድ ሳንቲም ላወጣለት አገልግሎት አሥራ አራት ዓመት ከፍሏል! ሒሳብ የጠላው የካማርፑኩር ልጅ እኮ ዋጋ ማስላት በደንብ ያውቃል። እንዲያውም ተረቶቹን ደርድሬ ሳያቸው አብዛኞቹ የሒሳብ መዝገብ ናቸው፤ አንድ ሰው አንድ ነገር ይፈልጋል፣ ተረቱም የፈለገው ነገር በስተጀርባ ምን ምን አስከትሎ እንደሚመጣ ይቆጥራል።

ደግሞ ግትር አይደለም። ሁሉም አምላክ ነው የሚል ትምህርት የሰማ አንድ ደቀ መዝሙር ያበደ ዝሆን ሲመጣበት፣ ዝሆኑም አምላክ ነው ብሎ መንገድ ላይ ቆሞ ቀረ። ነጂው ከላይ ሆኖ ዞር እንዲል ይጮህበታል፤ እሱ ወይ ፍንክች። ዝሆኑ በኩምቢው አንስቶ ወረወረው። ሲነቃ መምህሩ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ዝሆኑ አምላክ ከሆነ፣ ዞር በል ያለው ነጂስ አምላክ አይደለም ወይ? እባቡም አለ። ሰው እንዳይነድፍ ከመናኝ ተመክሮ እሺ ቢል የሰፈር ልጆች በድንጋይ ቀጥቅጠው ሊገድሉት ደረሱ። መናኙ ተመልሶ ሲያየው ገሰጸው፤ መንደፍን እንጂ ማፏጨትን አልከለከለውም ነበርና።

ወደዚያ ተጠራጣሪ ተማሪ ልመለስ፤ የእኔም ልብ የቆመው እዚያ ነው። የናሬንድራ አባት በካልካታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚሠራ፣ እጁ የማይሰበሰብ ጠበቃ ነበር። በ1884 መጀመሪያ በድንገት ሲሞት የተረፈው ዕዳ ሆነ። ዘመድ በቤታቸው ላይ ክስ አነሳ። ናሬንድራ በዚያው ዓመት ዲግሪውን ይዟል፤ እናትና ታናናሾቹ ግን እጁን ያያሉ። ማመልከቻውን ይዞ በባዶ እግሩ፣ በባዶ ሆዱ በፀሐይ ከቢሮ ቢሮ ዞረ። የሚቀጥረው አላገኘም። ቤት ውስጥ ለሁሉ የሚበቃ ምግብ የሌለ ቀን፣ ውጭ ተጋብዣለሁ ብሎ ለእናቱ ይዋሽና ጾሙን ይውላል። ይህን ሳነብ ዲግሪዬን የያዝኩበት ክረምት ትዝ አለኝ፤ እኔም ቤት እንዳልበላ ከጓደኛ ጋር በልቻለሁ ያልኩባቸው ቀናት ነበሩ። አንድ መቶ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው ውሸቴን ያወቀብኝ መሰለኝ።

በመጨረሻ ናሬንድራ ወደ ዳክሺኔስዋር ሄዶ ራማክሪሽና ስለ ቤተሰቡ ካሊን እንዲለምንለት ጠየቀው። ራማክሪሽና ግን ራሱ ገብቶ እንዲጠይቃት፣ የጠየቀውንም እንደምትሰጠው ነገረው። ማታ ገባ። ምስሏ ፊት ሲቆም ግን ገንዘቡ ጠፋው፤ ዕውቀትና ፍቅር ብቻ ለምኖ ወጣ። ተመልሶ ገባ፤ ያው ሆነ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲገባ ጥያቄው ትዝ አለው፣ አሁን ግን በንጉሥ ፊት ቀርቦ ዱባ እንደመለመን ሆኖበት አፈረ። ሲወጣ ራማክሪሽናን ለቀቅ አላደረገውም፤ ይህ የአንተ ሥራ ነው፣ አንተ ጨርስልኝ ዓይነት አቋም ያዘ። ራማክሪሽናም ቤተሰቡ ተራ ምግብና ልብስ እንደማያጣ ቃል ገባለት። ቃሉን ልብ በሉ፤ ሀብት አላለም፣ ተራ ምግብና ልብስ ነው። ሰውየው ሳንቲም የማይነካ ቢሆንም ረሃብ ተረት እንደማያዳምጥ ያውቅ ነበር።

እሺ፣ የማልስማማበት ነገር እዚህ ጋ ይመጣል። ራማክሪሽና ሴትና ወርቅን አንድ ላይ አስሮ መናኝ ሊሸሻቸው የሚገባ ወጥመድ አድርጎ ይነግራቸው ነበር። ለሴት ተከታዮቹ ከወንድ እንዲጠነቀቁ ይነግራቸው እንደነበር ተከራካሪዎች ያነሳሉ፤ ቢሆንም ጆሮ ይቆረቁራል። ደግሞ ሳንቲም የማይነካ ሰው ይበላል አይደል? ያበላው የራሽሞኒ ሀብት ነው፤ ቀጥሎም አማቿ ማቱር። ያበሰለለት ደግሞ የሳራዳ እጅ ነው። ሳራዳ በ1872 ወጣት ሆና ወደ ዳክሺኔስዋር መጣች። እሱ በክብር ተቀበላት፣ በአንድ ሌሊት ሥርዓትም የአምላኳ መገለጫ አድርጎ ሰገደላት። መኖሪያዋ ግን የሙዚቃ ማማው ሥር ያለች መላወሻ የሌላት ክፍል ነበረች፤ ከሌሊት ተነስታ ለእሱና ለደቀ መዛሙርቱ ታበስላለች። በግልድሙ ተረት መጨረሻ ላይ ያችን የመናኙን ሚስት ማንም ምንም አይጠይቃትም። እኔ ብጠይቃት ደስ ይለኝ ነበር።

ሳራዳ ግን የተረቱ ሚስት አይደለችም። ላክሽሚናራያን የሚባል ነጋዴ ለራማክሪሽና አሥር ሺህ ሩፒ ሊሰጠው መጣ። ሰውየው በድንጋጤ እምቢ አለ። ቀጥሎ እሷ ትቀበል እንደሆነ ቢጠየቅ፣ እሷ ከተቀበለችው ለእሱ ስለምታወጣው እሱ እንደተቀበለው ይቆጠራል ስትል መለሰች። ጠንካራ ሒሳብ ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ የወሰደ።

በ1885 ጉሮሮው ታመመ፤ ካንሰር ነበር። ደቀ መዛሙርቱ ለሕክምና ወደ ከተማ አመጡት፤ ቀጥሎ ኮሲፖር ውስጥ የአትክልት ቦታ ያለው ቤት ተከራዩለት። ኪራዩን የከፈሉት ሚስት፣ ልጅና ደሞዝ ያላቸው፣ ዓለምን ያልተዉ ተከታዮቹ ናቸው። ሐኪሙ ማሄንድራላል ሳርካር ሳይንስ አዋቂና ተከራካሪ ሰው ሆኖ ሳለ በሽተኛው አጠገብ ሰዓታት እየቆየ ያዳምጠው ነበር። ድምፁ እየጠፋ ሄዶ በምልክት እስኪናገር ድረስ ማስተማሩን አላቆመም። ነሐሴ 16 ቀን 1886 አረፈ።

አንድም መስመር አልጻፈም። ተረቶቹ እኛ ጋ የደረሱት ማሄንድራናት ጉፕታ በሚባል የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ምክንያት ነው። ማሄንድራናት በየካቲት 1882 በቤተሰብ ችግር ልቡ ተሰብሮ ሳለ ድንገት ወደዚያች ክፍል ገባ። ከዚያ ወዲህ በሄደ ቁጥር ያየውንና የሰማውን ከነቀኑና ከነሰዓቱ ማስታወሻው ላይ ይጽፍ ነበር። ከማስታወሻው የተሠራው የቤንጋልኛ መጽሐፍ ከ1902 እስከ 1932 በአምስት ቅጽ ወጣ። ናሬንድራ ደግሞ ቪቬካናንዳ ተብሎ በ1893 ቺካጎ በተደረገው የሃይማኖቶች ጉባኤ ላይ ተናገረ፤ በግንቦት 1897 በመምህሩ ስም ማኅበር መሠረተ። ማኅበሩ ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ የረሃብ ዕርዳታ አለው። ድመት፣ ላም፣ ገለባ፣ እርሻ ሁሉ ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ ሆኖም የዛሬው በሽተኛ ስለ ግልድሟ ተረት ብሎ ሆስፒታሉ ይዘጋ የሚል አይመስለኝም።

ሳራዳስ? ባሏ ከሞተ በኋላ ቤተ መቅደሱ ይሰጣት የነበረው ትንሽ ወርሃዊ ድጎማ ተቋረጠ። ካማርፑኩር እንድትኖር፣ ጎመን ተክላ ሩዟን እንድትበላ፣ ለአንድ ሳንቲም እንኳ ብላ ለማንም እጇን እንዳትዘረጋ ነግሯት ነበር። እንዳላት አደረገች። የጓሮ ቅጠል በሩዝ ቀቅላ፣ ጨው መግዣ ያጣችባቸው ቀናት ነበሩ። ማንም አያውቅም ነበር፤ እሷም አልነገረችም። ወሬው ሲደርሳቸው ደቀ መዛሙርቱ ደንግጠው ወደ ካልካታ ወሰዷት፤ ዓመታትን ግን ከሰው ቤት ሰው ቤት ስትዘዋወር አሳለፈች።

የራሷን ማረፊያ ያገኘችው በ1909 ነው። ከወጣቶቹ ደቀ መዛሙርት አንዱ የነበረው ሳራዳናንዳ ባግባዛር ሰፈር ቤት አሠራላት፤ ገንዘቡ ስላልበቃ ተበድሮ ጨረሰው። ብድሩን ለመክፈል መጽሐፍ ሊጽፍ ወሰነና ጧት ጧት፣ ሰው በሚገባና በሚወጣበት በዚያው ቤት በር አጠገብ ባለች ትንሽ ክፍል እየተቀመጠ መጻፍ ጀመረ። የጻፈው የራማክሪሽናን ሕይወት ነው። ዛሬ ስለ ሰውየው የሚጽፍ ሁሉ የሚነሳው ከዚያ መጽሐፍ ነው። ሳራዳም በዚያ ቤት ፎቅ ላይ ኖረች፤ በ1920 ያረፈችውም እዚያው ነው።